አቃጥሉኝ ያለው ዘበኛ

ኤላዲዮ ፌራንዲስ በአሊካንቴ ወደብ ሰላሳ አንድ ዓመት የሌሊት ዘበኛ ነበር። በሰላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሌሊት በሥራ ላይ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም። ይህን የምለው እሱ ስለነገረኝ ብቻ አይደለም፤ እርግጥ እሱም ነግሮኛል፣ ምናልባት አራት መቶ ጊዜ። ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ሲመለስ የመጀመሪያውን ዳቦ የሚገዛው ከእኔ ነው። እኔ ዳቦውን እየጠቀለልኩ እሱ የሌሊቱን ሪፖርት ያቀርባል። አንድ ጊዜ መጋዘን ቁጥር አራት ደጃፍ ላይ የተረሳ ዣንጥላ አገኘ፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ስድስት ቀን ጠበቀው። ሌላ ጊዜ ድመት ገብታ ወጣች፤ የገባችበትንም የወጣችበትንም ሰዓት መዝግቧል። ሌባ ግን መጥቶ አያውቅም። ኤላዲዮ ይህን የራሱ ንቃት ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ነው፣ ማን ይሸከመዋል?" ይል ነበር።

ቀጭንና ረጅም ሰው ነው። ቀበቶው ላይ የሚንሿሿው ቁልፍ ከሁለት መንገድ ማዶ ይሰማል፤ ስለዚህ ሌባ ቢኖር ኖሮ ቀድሞ ይሰማው ነበር። ቀን ቀንም ዘበኝነቱ አይለቀውም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው፤ የገባውንና የወጣውን ይቆጥራል። አንድ እሁድ ቄሱን "አርባ ሦስት ሰው ገብቶ አርባ ሁለት ነው የወጣው" ብሎ አስጨነቃቸው፤ ሲፈተሽ አሮጊቷ ፓስኩዋላ ኑዛዜ መስጫው ሳጥን ውስጥ አንቀላፍታ ተገኘች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል ዳቦ ሊገዛ በመጣ ቁጥር ስለ እንቅልፍ ነውር ሰበከኝ። ሚስቱ ኪቴሪያ ገበያው ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ እንዴት እንደቻለችው እንጃ።

አምና ሰኔ ላይ ታዲያ ጉድ ፈላ።

ሰኔ ላይ በምናከብረው የዮሐንስ በዓል ሳምንት በየቀኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሉሴሮስ አደባባይ ርችት ይተኮሳል። የቀን ርችት ለዓይን አይደለም፣ ለጆሮና ለሆድ ነው። መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ የሱቅ መስታወት ይርገፈገፋል፣ ሐኪም "አትሂድ" ያለው ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ቆሞ ያያል። የሰፈራችን ኮሚቴ ለሽማግሌዎች ወንበር ይደረድራል። ኤላዲዮ የዚያን ቀን ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ቤቱ አልገባም፤ ወንበሮቹን ማንም እንዳይወስዳቸው ሊጠብቅልን መጣ። የሚወስዳቸው እንደሌለ ብንነግረውም "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ከተወሰደ በኋላ" አለና አንዱ ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር። የመጀመሪያው ተኩስ ሲፈነዳ ዞር ብዬ ባየው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ተኝቷል።

ሰባት ደቂቃ ተተኮሰ። እርግቦቹ ከተማውን ጥለው ተሰደዱ፣ የቆሙ መኪኖች በራሳቸው ጊዜ መጮህ ጀመሩ፣ ኤላዲዮ ግን ያንኮራፋል። መጨረሻው ላይ ሰማይ ምድሩ ሲደበላለቅ ከንፈሩን ላስ ላስ አደረገና ወደ ጎን ዞር አለ። እኔ ደግሞ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት። ሐቁን ልናገር፤ የእኔ ኃጢአት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፎቶውን ለእህቴ ላክሁ፣ እህቴ ለባሏ ላከች፣ ባሏ ለጋዜጣ ላከው። በሦስተኛው ቀን ከሥሩ "ወደባችንን የሚጠብቀው ዘብ" ተብሎ ወጣ።

ኤላዲዮ ጋዜጣውን ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። በዕረፍት ሰዓቱ እንደነበር፣ ይህ ጋዜጣው ላይ መጻፍ እንደነበረበት፣ ደግሞም ወንበሮቹ አንድም ሳይጎድሉ መመለሳቸውን ነገረኝ። እኔም አዎን አዎን አልኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ወደቡ ላይ የጭነት መኪና ሾፌሮች በበሩ ሲያልፉ መስኮት ዝቅ አድርገው "ደህና እደር" ይሉት ጀመር። አንዱማ ትራስ ይዞለት መጣ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሱ ስም ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው አፈር ለበሰ።

በዚህ ላይ ደግሞ እኛ መጣን። ኮሚቴያችን በሚቀጥለው ዮሐንስ ሌሊት ደመራው ላይ ወጥተው የሚቃጠሉት አሻንጉሊቶች ምን ይሁኑ ብሎ ሲሰበሰብ፣ ቀራጺያችን ኒካሲዮ ያን ፎቶ ከኪሱ አወጣ። ኒካሲዮ ሃያ ዓመት አሻንጉሊት ሲሠራልን አንድም ሽልማት አግኝቶ አያውቅም። "ይሄ ፊት" አለ፣ ፎቶውን ለሁላችን እያዞረ፣ "ይሄ ፊት ከእግዜር የተላከልኝ ነው።" ማንም አልተቃወመም። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውንም የጻፍኩት እኔው ነኝ።

አሻንጉሊቱ ከሰው እጥፍ ሆኖ ተሠራ። ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ አፉ እንደ ምድጃዬ ተከፍቶ፣ አፉ ውስጥ የወፍ ጎጆ፣ ጎጆው ውስጥ ሦስት የወፍ ጫጩቶች። ጢሙ የመጥረጊያ ጭራ ነው። ደረቱ ውስጥ የአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ሞተር ስለገባበት ከፍ ዝቅ እያለ ይተነፍሳል። እግሩ ሥር ደግሞ ይህ ተጽፏል፦

መሬት ቢንቀጠቀጥ፣ ሰማይ ቢንኮታኮት፣
ኤላዲዮ ዘብ ነው፣ እባካችሁ ተዉት።

ግንቦት ላይ የከተማው አሻንጉሊቶች ሁሉ ከደመራው በፊት ለሕዝብ በሚታዩበት አዳራሽ ኤላዲዮን ይዤው ሄድኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእኔ ይስማ ብዬ ነው። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረው። "ቁልፎቹን በግራ አድርጎብኛል፣ እኔ በቀኝ ነው የማንጠለጥለው" አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር የተጻፈውን አነበበ።

"ምንም አይደል" አለ በመጨረሻ። "ይቃጠል የለ?"

የሰፈራችንን ደንብ ማለቱ ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ነገር በዮሐንስ እሳት ከተቃጠለ አበቃ፤ ሁለተኛ አይነሳም። ያነሳው ሰው ለመንገዱ ሰው ሁሉ ኮካ ያበላል፣ ያንን በሽንኩርትና በቱና የተሞላውን ቂጣ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አርቴፊሻል ፀጉር ሲቃጠል ሁላችንም አጨበጨብን፤ ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ፀጉር እንዳለው ሰው ተከብሮ ይኖራል። (አሁን አነሳሁት አይደል? ኮካውን የምጋግረው እኔው ስለሆንኩ አይከብደኝም።) ስለዚህ ኤላዲዮ ቀን መቁጠር ያዘ። ሰላሳ ስድስት ቀን ቀረኝ፣ ሰላሳ አምስት ቀረኝ እያለ ዳቦውን ይገዛል። በዮሐንስ ማግስት ጡረታ ይወጣል፤ በዮሐንስ ሌሊት ነውሩ አመድ ይሆናል፤ ንጹሕ ሰው ሆኖ ሥራውን ያስረክባል። ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ያልታሰበው ምሕረቱ ነው። በየዓመቱ ከአሻንጉሊቶቹ ሁሉ አንዱ በሕዝብ ድምፅ ከእሳት ይድናል፤ ሙዚየም ይገባና ለዘላለም ይኖራል። አዳራሹን የሚጎበኝ ሰው ሁሉ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል፣ የወደደውን ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። የኒካሲዮ ሥራ እዚያ ደረጃ ደርሶ ስለማያውቅ ይህን ማንም አላሰበም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ወሬ መጣ፦ ሁለት አሻንጉሊቶች ይመራሉ። አንዷ የሌላ ሰፈር ናት፣ የቱሪስት አይስክሬም የምትነጥቅ ወፍራም የባሕር ወፍ። ሌላው የእኛው ኤላዲዮ ነው።

ኤላዲዮ ወሬውን ሲሰማ ዳቦውን ረስቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀን እንቅልፉን ትቶ አዳራሹ ዋና በር ላይ ቆመ። ለወፊቱ ይቀሰቅሳል። የባሕር ወፍ ሥዕል ያለበት ወረቀት በራሱ አሳትሞ ለገባው ሁሉ ያድላል። ስለ ክንፏ አሠራር፣ ስለ ዓይኗ ሕይወት ያለው መሆን ያስረዳል፤ በሕይወቱ ስለ ሥነ ጥበብ የተናገረው ያን ወር ብቻ ነው። ሰዎቹም ወረቀቱን ተቀብለው ይገባሉ፣ ተኝቶ የሚተነፍሰውን ያያሉ፣ ይደነግጣሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ። "አንተ ነህ! ራስህ ነህ!" ይሉታል፤ አቅፈውት ፎቶ ይነሳሉ፤ እንደገና ገብተው እሱን ይመርጣሉ። እንዳይታወቅ ጥቁር መነጽር ቢያደርግ፣ ቆሞ የተኛ መሰላቸውና ይበልጥ ወደዱት። ኤላዲዮ በቀሰቀሰ ቁጥር የወፊቱ ነገር እየከፋ ሄደ።

ድምፁ ተቆጠረ። ኤላዲዮ ወፊቱን በአስራ ዘጠኝ ድምፅ በለጣት።

የበዓሉ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ምሕረቱን አልቀበልም አለ። የተቀበለችው ሴትዮ ጨዋ ነበረች፤ ደንቡን ዘርግታ አነበበችለት። ምሕረቱ የተሰጠው ለአሻንጉሊቱ ነው እንጂ ለሱ አይደለም፤ ስለዚህ እምቢ ማለት ካስፈለገ ባለጉዳዩ አሻንጉሊቱ ነው። አሻንጉሊቱ ደግሞ ፈርሞ ማመልከት ስለማይችል የሠራው ሰፈር ኮሚቴ ያመልክትለት። ኤላዲዮ ከዚያ በቀጥታ እኛ ስብሰባ ላይ መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ ቆመ።

"አቃጥሉኝ" አለ። "ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም። እንደ ሰው ሁሉ አቃጥሉኝ።"

አስራ ዘጠኝ ሰዎች ነን። በአርባ ዓመት ታሪካችን ምሕረት ያገኘነው ገና ያኔ ነው። ኒካሲዮ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር፤ "የወለድኩት ልጅ ነው" ይላል፤ እውነተኛ ልጆቹ አጠገቡ ተቀምጠው። እጅ ይውጣ ተባለ። ለይቃጠል አንድም እጅ አልወጣም። የእኔም አልወጣም። ኤላዲዮ አንድ በአንድ አየን፣ ቆቡን አደረገ፣ "አስራ ዘጠኝ" ብሎ ቆጥሮን ወጣ። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ደግ ነው፣ ያለመተኛትን ትንሽ ቀመስኩት።

እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ይባላል። የጥበቃ ድርጅቱ ለጡረታ የቀረውን የመጨረሻ ሳምንት ከወደቡ አንስቶ ቀለል ያለ ቦታ መደበው። ሌሎቹ አሻንጉሊቶች ወደየሰፈራቸው ደመራ ሲሄዱ ምሕረት ያገኘው ብቻውን አዳራሹ ውስጥ ይቀራል፤ በዮሐንስ ማግስት ንጋት ላይ ሙዚየም እስኪወሰድ ድረስ ዘበኛ ያስፈልገዋል። ለሽማግሌው ክብር ይሆናል ብለው ይሆናል፣ ወይም አላሰቡትም። ኤላዲዮ አምስት ሌሊት ሙሉ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ራሱን ሲተኛ እያየ ሳይተኛ ጠበቀው። ሞተሩን እንኳ ማጥፋት ይችል ነበር። "ንብረቱን በተረከብኩበት ሁኔታ ነው የማስረክበው" አለኝ።

እኔ አልቻልኩም። ሥጋ ሻጩን ጋስፓርን ጠራሁት፤ የሰፈራችንን ደመራ የሚለኩሰው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ፎቶ አይቶ በጣም የሳቀውም እሱ ነበርና ዕዳ አለበት። ደመራው በሚቃጠልበት ቀን አመሻሽ ላይ የዳቦ መኪናዬን አዳራሹ ደጅ አቆምን። አሳባችን ቀላል ነበር። ኮካና ጣፋጭ ወይን ይዘናል፤ ኤላዲዮ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያንቀላፋል፤ እኛ አሻንጉሊቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወስደን እኩለ ሌሊት ላይ ደመራው አናት ላይ እናወጣዋለን። በንጋታው ደግሞ "ምን እናውቃለን" እንላለን።

ኤላዲዮ ኮካውን በላ። ወይኑን አልነካውም፤ በሥራ ላይ ነኝ አለ። ስለ አየሩ አወራን። ስለ ዘንድሮ በለስ አወራን። ጋስፓር ራሱ ወይኑን እየጠጣ ማዛጋት ጀመረ። እኔም ዓይኔ ከበደኝ፤ ያ ሞተር ከፍ ዝቅ ሲል እንቅልፍ ያመጣል። ከሦስታችን ነቅቶ የነበረው ኤላዲዮ ብቻ ነው።

"ብርድ ልብሱ ለምንድነው?" አለ።

"በርዶኝ ነው" አለ ጋስፓር። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም፤ ነገርኩት። ልንሰርቀው እንደመጣን፣ ልናቃጥልለት እንደሆነ፣ ያኔ እጄን ስላላወጣሁ እንደቆጨኝ። ኤላዲዮ ተነስቶ በእኛና በአሻንጉሊቱ መሀል ቆመ። ልቡ ተነክቷል፤ ዓይኑ ላይ አየሁት። ግን ራሱን ነቀነቀ።

"ኡርሱላ፣ ልጄ፣ ሰላሳ አንድ ዓመት ከእጄ መርፌ ጠፍታ አታውቅም" አለ። "ዛሬ ይሄ ቢጠፋ ምን ይላሉ? ‘ተኝቶ ነበር’ ነው የሚሉት። አሁን በሥራ ላይ የተኛሁት በውሸት ነው። ያኔ በእውነት እተኛለሁ።"

"አስረንህ ብንሄድስ?" አለ ጋስፓር። "ገመድ መኪናው ውስጥ አለ።"

ኤላዲዮ አሰበበት። እውነቴን ነው፣ ቆም ብሎ በሚገባ አሰበበት።

"አይ" አለ። "ታስሮም ተኛ ይሉኛል።"

እንዲህ ስንባባል ኪቴሪያ እራቱን በዕቃ ይዛ ገባች። መጀመሪያ እኛን አየች፣ ቀጥሎ ብርድ ልብሱን አየች፣ ከዚያ ወደ ደጅ ዞራ የመኪናው የኋላ በር ተከፍቶ መቆሙን አየችና ነገሩን ተረዳች። እራቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"ማንን ጠይቃችሁ ነው?" አለች።

"ባልሽን ጠይቀናል፣ አልሰጥም አለ" አልኳት።

"እኔንስ ጠይቃችኋል? የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

ኤላዲዮ ምኑን እንደመረጠች ጠየቃት። እጇን ወደ አሻንጉሊቱ ዘረጋች።

"ይሄን። ሃያ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሃያ ሦስት ጊዜ መርጬዋለሁ።"

ወፊቱ የተበለጠችበት አስራ ዘጠኝ ድምፅ ትዝ አለኝ። ለኤላዲዮም ትዝ ብሎታል፤ ፊቱ ነጣ። ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆሞ ለወፊቱ ሲለምን የገዛ ሚስቱ ከውስጥ ስታፈርስበት ኖራለች። የሚጮህባት መሰለኝ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘው።

"በሩ ላይ እኔ ነበርኩ" አለ። "ስትገቢ አላየሁሽም።"

"በጓሮ በር ነው የምገባው።"

"የጓሮ በር አለው? ያለ ጠባቂ? አንድ ወር ሙሉ?"

"ኤላዲዮ፣ በሩን ተወው። እኔን ስማኝ።" ዝምተኛዋ ኪቴሪያ ናት እንዲህ የምትለው፤ ድምፅዋን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። "ስትተኛ አይቼህ አላውቅም። በተጋባን ማታ ሥራ ጀመርክ። እኔ ሌሊት ለገበያ ስወጣ አንተ አልገባህም፣ እኔ ስመለስ አንተ ተነስተሃል። ዕረፍትህ ቀን ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ መንገዱን ትጠብቃለህ። ለልጃችን ሰርግ ብንሄድ ሆቴሉን ስትጠብቅ አደርክ። ጋዜጣው ላይ ያየሁህ ጊዜ ‘ይሄ ሰው ማነው’ ነው ያልኩት። እዚህ መጥቼ ሳይ ደግሞ ደረቱ ይተነፍሳል። አንድ ሰዓት ቆሜ አየሁት። ይሄ ከተቃጠለ እኔ የት ሄጄ ነው የማይህ?"

ኤላዲዮ ወደ አሻንጉሊቱ ዞረና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስል አየው።

"እንዲህ ነው የምተኛው?" አላት።

"እኔ በምን አውቃለሁ። ኡርሱላን ጠይቃት፣ እሷ አይታሃለች።"

በክፋት አልነበረም ያለችው። ለዚህም ነው ይበልጥ ያመመኝ። ሰላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ያላየችውን ፊት እኔ ለቀልድ ብዬ በስልክ አንስቼ ለከተማው አድዬዋለሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ኤላዲዮ አፉ እውነት ይህን ያህል ይከፈት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ እኔም ያንሳል አልኩት። ዋሸሁ፤ ልክ ነው የሠራው ኒካሲዮ።

ሰዓቱ እየደረሰ ነበር፤ ጋስፓር ካልሄደ ደመራችን አይለኮስም። ትተናቸው ሄድን። እኩለ ሌሊት ላይ ከከተማው በላይ ካለው ምሽግ ያ እንደ ዘንባባ የሚዘረጋው ትልቁ ርችት ወደ ሰማይ ወጥቶ ከተማውን ሲያነጣው፣ ጋስፓር ለኮሰ፣ ሰፈራችን ነደደ። ሰዉ እንደ ልማዱ "ውሃ! ውሃ!" እያለ የእሳት አደጋዎቹን ተሳደበ፤ እነሱም ቱቦውን አዙረው እስክንበሰብስ አጠጡን። እኔ እየዘለልኩ አልነበረም። ከደመራው ላይ የሱ ቦታ ባዶ ነበር፤ እሳቱ እዚያ ጋ የሚበላው አጥቶ ቶሎ ወደቀ።

ንጋት ላይ ልብሴ ሳይደርቅ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። የሙዚየሙ መኪና ቆሟል። ኤላዲዮ ርክክብ ላይ ነው፦ አሻንጉሊት አንድ፣ ወንበር አንድ፣ ጫጩት ሦስት፣ ሞተር አንድ፣ የሚሠራ። ሹፌሩ ፈረመ። የሌሊቱን ሁኔታ ሲጠይቀው ኤላዲዮ መዝገቡን ገለጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በኩራት አነበበለት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሁለት ሌቦች፣ አንዲት ዳቦ ጋጋሪና አንድ ሥጋ ሻጭ፣ በብርድ ልብስ፣ በወይንና በኮካ ታጥቀው ንብረቱን ለመስረቅ ሞከሩ፤ ዘበኛው ነቅቶ ስለነበር ሳይሳካላቸው ቀርቷል። ስማችን ከነአባታችን ተጽፏል። በሰላሳ አንድ ዓመት የመጣለት የመጀመሪያ ሌባ እኔ ሆንኩ። ሊያጠፋልኝ ይችል እንደሆነ ጠየቅሁት፤ መዝገብ አይሰረዝም አለኝ። እንባ በዓይኑ ሞልቶ ነበር፣ የደስታ።

ጋዜጣው ወሬውን አገኘው። "ዘበኛው የገዛ ምስሉን ከሌባ አዳነ" አለ፤ የኤላዲዮ ፎቶ ዓይኑ ፈጦ ወጣ። የጭነት መኪና ሾፌሮቹ እቤቱ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁት። እኔና ጋስፓር ጽሕፈት ቤት ተጠርተን ተገሠጽን፤ ኒካሲዮ ለሚቀጥለው ዓመት አፍንጫዬን በዓይኑ እየለካ በደጄ ያልፋል። ይለካ። በደንብ እንዲያቃጥሉኝ ብቻ ነው የምለምነው።

ኤላዲዮ ጡረታ በወጣ በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኪቴሪያ ዳቦ ቤቴ መጣች። ገበያ አልሄደችም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ ፊቷ ግን ሙሽራ ይመስላል። ዳቦውን ስጠቀልል ወረቀቱ ስለተንኮሻኮሸ እጄን ያዝ አድርጋ "ቀስ በይ" አለችኝ በሹክሹክታ፤ ቤታቸው ከእኔ ሦስት መንገድ ማዶ ነው።

"ተኛ?" አልኳት እኔም እያንሾካሾክሁ።

"ሌሊቱን ሙሉ።"

"አንቺስ ተኛሽ?"

"እኔማ" አለች፣ "ሳየው ነጋ።"